ከትርጉሙ የጎደለው ሳቅ

አየርላንድን አይቼ አላውቅም። ግን ክረምት በገባ ቁጥር፣ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ ፒያሳን ሲሸፍን፣ ከመስኮቴ ማዶ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሁሉ አንድ ግራጫ ውሃ ሲመስል፣ እዚያ ያለሁ ይመስለኛል። ያላዩት አገር ይናፍቃል ወይ ብትሉኝ፣ እኔን ይናፍቀኛል። የኔ አየርላንድ አራዳ ውስጥ የተሠራ ነው። ባሕሩን የሠራሁት ከክረምት ዝናብ ነው፤ ሰዎቹን ደግሞ ከጎረቤቶቻችን።

አገሩን ያመጡልን አንዲት የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው። አየርላንዳዊት ነበሩ፤ ጸጉራቸው የነጣ፣ ዝናብ ሲመጣ እንደኛ የማይሮጡ። ሰዋስው ሊያስተምሩን መጥተው ወሬ ያወሩልን ነበር። አገራቸው ትንሽ ደሴት እንደሆነች፣ ረኃብ ሕዝቧን በየዓለሙ እንደበተነው፣ የእንግሊዝ ጌቶች ቋንቋዋን ወስደው የራሳቸውን እንደጫኑባት፣ ሕዝቡም በተጫነበት ቋንቋ ጌቶቹ እስኪቀኑ ድረስ እንደጻፈ ነገሩን። ያኔ ብዙም አልገባንም። የገባን ዜማቸው ነው፤ እንግሊዝኛችን ሁሉ የሳቸውን ዜማ ይዞ ቀረ። ዛሬም ቢሮዬ ጎራ የሚል ፈረንጅ እንግሊዝኛውን የት እንደተማርኩት ይጠይቀኛል። አራዳ ስለው የቀለድኩ ይመስለዋል።

ጣልያን በጠመንጃ መጥቶ ባንኮኒና ማኪያቶ ትቶልን ሄደ። አየርላንድ ግን የመጣችው በአንዲት ሴትዮ ሻንጣ ነው። መምህሯ ሲሄዱ ከሻንጣው አንድ የአጫጭር ልቦለዶች መጽሐፍ አውጥተው ሰጡኝ። ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልተለየሁትም።

እንጀራዬ ትርጉም ቤት ነው። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ ውክልና እተረጉማለሁ፤ ትክክለኛ መሆኑን አረጋግጬ ማኅተሜን አሳርፋለሁ። ዕድሜዬን ሁለት ዓመት ቀንሺልኝ፣ የአባቴን ስም አስተካክዪልኝ ብሎ የሚለምነኝ ብዙ ነው። በጄ ብዬ አላውቅም። የሰፈሩ ልጆች ከኋላዬ «ማኅተሟ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ደስ ይለኝም ነበር።

ሥራ በቀዘቀዘ ሰዓት ያንን መጽሐፍ አውጥቼ ለራሴ እተረጉማለሁ። ባለፈው ክረምት የደረስኩበት ታሪክ ስለ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሽማግሌው ይሞታል፤ ሬሳው እቤቱ ተጋድሞ መንደሩ ይሰበሰባል። ከዚያ ምን ይሆናል? ይጠጣሉ። ትምባሆ ይታደላል። ካርታ ይጫወታሉ፤ ሲያድሉ ለሟቹም ድርሻውን ደረቱ ላይ ያስቀምጡለታል። አንዱ ተነስቶ የሟቹን አረማመድ እያስመሰለ ቤቱን ይዞራል። ሚስቲቱም ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ። ሬሳ ፊት? የኛ ሰው ይሄን ቢያነብ ምን ይላል? እናም ሳቁን አወጣሁት። ካርታ ተጫዋቾቹን መቁጠሪያ አስያዝኳቸው፣ አረማመድ የሚያስመስለውን ሰውዬ ደረቱን አስደቃሁት፣ ሚስቲቱን ፊቷን አስነጨኋት። ሙሾም ጨመርኩበት። የሰው የልደት ቀን ባንድ ቀን የማላዛባ ሴት፣ አንድ መንደር ሙሉ ሕዝብ አስለቀስኩ። ማሳመር መስሎኝ ነበር።

እናቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አነብላታለሁ። ቤታችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብዙም አይርቅም፤ የታክሲው ጥሪና የነጋዴው ጩኸት ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ውስጡ ግን አባቴ ከሞተ ወዲህ ድምፅ የለውም። እናቴ በየዓመቱ ንግግሯ እየቀነሰ፣ በየዓመቱ ወደ መስኮቱ እየተጠጋች ሄደች። የሚጠይቃት ሰው የለም። አንድ ቀን ጨርሳ ዝም እንዳትል እፈራ ነበር፤ የማነብላትም ለዚህ ነው።

ያን እሑድ የዓሣ አጥማጁን ታሪክ በኔ ትርጉም አነበብኩላት። ስጨርስ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ሰውዬው ወዳጅ አልነበረውም?» አለችኝ።

«እማዬ፣ መንደሩ ሁሉ እያለቀሰለት?»

«ማልቀስማ ማንም ያለቅሳል። የሚያውቀው ሰው ቢኖር ኖሮ ያስቅ ነበር።»

ፊቴ ጋለ። አንዲት ዓይኗ የደከመ ሴት ዋናውን ወረቀት ያየችብኝ መሰለኝ። ዋናው ላይ ሳቅ እንዳለ፣ ያወጣሁትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። እናቴ «እንደዚያን ቀን» አለች፤ የትኛውን ቀን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። እጁ ወርቅ፣ ቀጠሮው ግን ሸፍጥ። ለሠርግ የታዘዘ ሱፍ ለመልስ የሚያደርስ ሰው። ከጎኑ መኪናውን ደቅኖ የሚሰፋ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። ሁለቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲፎጋገሩ ነው የኖሩት፤ እቤታችን መጥተው ሲጫወቱ እናቴ ሳቋን መግታት አቅቷት እንጀራው ሳይቀርብ ይመሽ ነበር። አባቴ በሞተ በሠልስቱ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼና ሌሎች ወዳጆቹ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠው እንደ ለቅሶ ቤት ደንብ ካርታ ይጫወታሉ። ድንገት ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «በቀጠሮ ቀን ልብስ አስረክቦ የማያውቅ ሰው፣ ለዚህኛው ቀጠሮ ምን አስቸኮለው?» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ከቤት ወጣሁ። ሴት ልጅ ወንዶች መሃል ቆማ ሽማግሌ ስትገስጽ ያየ የሰፈር ሰው ዛሬም አይረሳውም። አባቴ መቀለጃ አይደለም፣ መሳቅ ያማረው ቡና ቤት ይሂድ አልኩ። ካርታቸውን ሰብስበው አንድ በአንድ ወጡ። ለአርባው መጥተው እንደ ባዳ ተቀመጡ፣ እግዜር ያጽናችሁ ብለው ሄዱ፣ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጡም። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል እንዲሉ፣ እኔው አባርሬያቸው ሳበቃ ወዳጅነታቸው ከመቃብር አላለፈም ብዬ አማኋቸው።

«ግድግዳው ስስ ነው፤ ሰምቼ ነበር» አለች እናቴ። «ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ሳቅሁ። በሦስቱ ቀን አባትሽ እቤቱ የነበረው ያቺን ሳቅ ታህል ብቻ ነው። ከዚያ ያንቺ ድምፅ መጣ። ሰዎቹ ሲወጡ እሱም አብሯቸው ወጣ።»

ለምን እስከ ዛሬ እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። አባትሽ ሞቶብሽ ምን ልበልሽ አለችኝ። ቁጣ እንጂ እፍረት የማላውቅ ሰው ነበርኩ፤ ያን ቀን አወቅኩት። በጣም አፈርኩ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዬን ቆልፌ ጋሼን ፍለጋ ወጣሁ። የት እንዳሉ አውቃለሁ። የድሮ ቤታቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ቢገቡም፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ታክሲ ቀይረው ፒያሳ ይመጣሉ፤ እዚያ ዳር የሚቀዳው ማኪያቶ አይባልም ባይ ናቸው። ስንቴ ከሩቅ አይቻቸው መንገድ እንደተሻገርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ጉሙ ገና አልገፈፈም ነበር። የወርቅ ቤቶቹን መስታወት ላብ አጥምቆታል፣ ሰዉ ከወገቡ በላይ ብቻ የሚሄድ ይመስላል። እየሄድኩ ያለሁት ወደዚያ የባሕር ዳር መንደር እንደሆነና ገና ካርታው እንዳልታደለ፣ ፈጠን ካልኩ እንደምደርስ ሆኖ ተሰማኝ።

ጋሼ ኬክ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ቆመዋል፤ ኮታቸው አሁንም መስመሩ አልተዛነፈም። ከጎናቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። የድንኳኑን።»

መጀመሪያ ማኪያቶ አዘዙልኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ በኔ አንድም ቀን እንዳልተቀየሙ ነገሩኝ። ያን ቀን እናቴ የላከችኝ መስሏቸው ነበር። ባል የሞተባት ሴት ውጡልኝ ካለች ደጇን መርገጥ ነውር ነው ብለው፣ ለክብሯ ሲሉ ቀሩ። እሷ እኮ ውስጥ ሆና እየሳቀች ነበር አልኳቸው። ብርጭቆውን አስቀመጡና መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ሁለት አዛውንቶች በኔ አንድ ቃል ይህን ሁሉ ዓመት ለየብቻ ተቀምጠው ኖረዋል። እሑድ ይምጡ አልኳቸው፤ እሺ አሉኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ትርጉሜን ሳፈርስ ሰነበትኩ። መቁጠሪያውን ነጥቄ ካርታውን መለስኩ፣ ሙሾውን ሰረዝኩ፣ ሚስቲቱን አሳቅኋት። በጣም የገረመኝ ታሪኩ ባማርኛ አለመቸገሩ ነው። መምህሯ ከዚያች ደሴት ድረስ ተሸክመው ያመጡልኝ ነገር እደጃችን ድንኳን ውስጥ ነበረ።

እሑድ ጋሼ መጡ። እናቴ በድምፃቸው ለይታ ብድግ ልትል ስትል ይዘው አስቀመጧት። አነበብኩላቸው። አስመሳዩ ሰውዬ ተነስቶ የሟቹን አረማመድ ሲራመድ ጋሼ ሳቁ፤ ሚስቲቱ ስትስቅ እናቴ ሳቀች፤ ከስንት ዓመት በኋላ የሰማሁት ሳቋ ነው። እኔ ማንበቤን ሳላቋርጥ እስከ መጨረሻው ዘለቅኩ።

ወረቀቱን ሳጥፍ ጋሼ ወደኔ ዞሩ።

«ያልነገርኩሽ አለ» አሉኝ። «የድንኳኑ ቀልድ የኔ አይደለም። የአባትሽ ነው።»

ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በመጨረሻው ሳምንት፣ እሱው ነው አሉ ቃል በቃል ያስጠናቸው። እያሳለና እየሳቀ። በየትኛው ቀን እንደሚነገር፣ ውስጥ ድረስ እንዲሰማ ድምፃቸውን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርጉ ሳይቀር ነግሯቸዋል።

«ሚስቴ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል፤ ያቺ ልጄ ግን ቆልፋ ትይዘዋለች፣ እሷን አሳቅልኝ፣ አደራ አለኝ። ይኸው አደራ በላ ሆኜ ቀረሁ።»

መሳቅ ነበረብኝ። አባቴ ያዘዘው እሱን ነው፤ እኔም ለእሱ ስል ሞከርኩ። የመጣልኝ ግን ለቅሶ ነው፤ በሠልስቱም፣ በአርባውም፣ ከዚያም ወዲህ ያላለቀስኩት ለቅሶ። እናቴ በዳበሳ መጥታ ጭንቅላቴን ያዘች። ጋሼ ጨርሼ አፍንጫዬን እስክጠርግ ድረስ በትዕግሥት ጠበቁኝ።

ከዚያ ኮፍያቸውን አንስተው በሩ ጋ ቆሙና ለእናቴ፣ «ዛሬም አልሆነልኝም» አሏት። «አደራው ገና ነው። እሑድ እመለሳለሁ።»