ሰው የማያገናኝ መንገድ

ሽማግሌው ፒያሳ ወዳለው ጂም የገቡት ነጠላቸውን እንዳጣፉ፣ ልጃቸው የገዛላቸውን ነጭ ስኒከር አድርገው ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሁሉም ጆሮውን በማዳመጫ ደፍኖ መስታወት መስታወቱን ያያል።

እንግዳ ተቀባይዋ ዓይናዲስ መሮጫ ማሽኑ እስኪለቀቅ ወንበር ሰጠቻቸው። አልተቀመጡም። ሰው በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ብለው «እንደምን ዋላችሁ» ይላሉ፤ የሚመልስላቸው ግን የለም። ሁለት ጎረምሶች ተራቸውን ሲወስዱባቸው እንኳ «ይቅደሙ፣ ቸኩለው ይሆናል» ብለው ተዉላቸው።

በመጨረሻ ማሽኑ ላይ ወጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው ዝግ ብለው ተራመዱ። ሲወርዱ ላባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወደ እሷ መጡ።

«ሸጋ ነው ልጄ። ግን ይህን ሁሉ መንገድ ሄጄ አንድ ሰው አላጋጠመኝም።»

ዓይናዲስ ሳቋ መጣ፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ዋጠችው።

«አገሬ አይከል ሳለሁ፣ ከቤቴ እስከ ደጀ ሰላሙ ሰላምታው ከመንገዱ ይረዝም ነበር። እዚህ ልጄ ሥራ ይውላል። ሐኪሙ ለስኳሩ በእግርዎ ይሂዱ ሲለኝ ደስ ያለኝ፣ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነው።»

«በቀሐ ወንዝ በኩል ቢሄዱ ይሻላል አባቴ። ጠዋት ጠዋት ብዙ ሰው አለ።»

«ሰላም ይላሉ?»

ዓይናዲስ በየቀኑ የምታልፈው በዚያ ነው። ማንን ሰላም ብላ እንደምታውቅ ለማስታወስ ሞከረች፤ አንድም ሰው አልመጣላትም።

«እኔ እልዎታለሁ» አለች።

«በስንት ሰዓት ነው የምታልፊ?» አሉ ሽማግሌው ወዲያው።