መንዝ ላይ የተቃኘችው መጋዝ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረምሳ ደብረ ብርሃን ካለችው የመለዋወጫ ሱቄ ገባና ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ ለሞተር መጋዝ ካሉኝ ብረቶች ሁሉ ረጅሙን እንድሰጠው ጠየቀኝ። ሰንሰለቱ ዙሪያውን የሚሮጥበትን ጠፍጣፋ ብረት ማለቱ ነው፤ እኛ በጉብዝናችን ጊዜ ምላስ እንለው ነበር። የት ነው የምትቆርጠው ስለው መንዝ አለኝ። ማሽኑስ ስለው መካከለኛ ነው አለ። ምን ልትቆርጥበት ስለው ባሕር ዛፍ፣ ለአጣና። ለአጣና ይህን ሁሉ ብረት! አጭሩን አንሥቼ ፊቱ አኖርኩለት። አኩርፎ ገዝቶ ሄደ። ባለቤቴ ገበያህን በገዛ አፍህ ታባርራለህ ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ግን ይህን ነገር ዝም ብዬ መሸጥ አልሆነልኝም። ያወቅሁበትን መንገድ ስለማውቀው ነው።

ነገሩ የሆነው መንግሥት ከተለወጠ በስድስት ሰባት ዓመቱ ነው። ሞላሌ ውስጥ ጋሽ ሽፈራው የሚባሉ የበግ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ በግ አራግፈው ሲመለሱ የሞተር መጋዝ ገዝተው መጡ። እኔ ከእሳቸው ጋር ሄጄ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ሞተር ስነካካ ያደግሁ ስለሆንኩ ማሽኑን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ቤንዚኑን ከዘይት የሚቀላቅል፣ ሰንሰለቱንም በሞረድ የሚስል ደምሴ ተቀጠረ። ደምሴ አብሮኝ ፊደል የቆጠረ ጓደኛዬ ነው። መሬት ስላልደረሰው እሱም እናቱም የሚያድሩት በዚህችው ሥራ ነበር። ደግሞ ጥንቃቄው! ዘይቱን በመድኃኒት ብልቃጥ እየሰፈረ፣ ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንሥቶ ልኩን ሳያይ ጠብ አያደርግም። እኔ፣ ኧረ አፍስሰው፣ ጠበል የምታድል አስመሰልከው እኮ እያልኩ እስቅበት ነበር።

ማሽኗ የመጣችው ሁለት ምላስ ይዛ ነው። አንዱ ክንድ የማይሞላ አጭር፣ ሌላው የዚያን እጥፍ ለመሆን ጥቂት የቀረው ረጅም። ጋሽ ሽፈራው ረጅሙን ወደዱት፤ በገበያ መካከል ተሸክመነው ስናልፍ ሰው ዞር ብሎ ያያላ። ሥራ ላይ ግን ጉድ አፈላች። ሰንሰለቱ ግንዱን ገና ነካ ሲያደርግ ታቃስታለች፣ ታጨሳለች፣ ቀጥ ትላለች። የመንዝ አየር ስስ ነው፤ ሞተርም እንደ ቆላ ሰው ዳገታችን ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ትንፋሽ ያጠረውን ሞተር ደግሞ ረጅም ሰንሰለት ጎትት ማለት ግፍ ነው። ሁለት ሰው ወዲያና ወዲህ በሚስበው መጋዝ ሲሰነጥቁ የኖሩት ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ሳቁብን።

ጋሽ ሽፈራውን ለምኜ አጭሩን ምላስ አስገባሁ። ቀጥሎ ከካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ወደ ቀኝ ስትዞር ቤንዚኑ ይቀንሳል፣ ወደ ግራ ስትዞር ይጨምራል፤ አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑም ማነስ አለበት። ከዚያ በኋላ ሥራው የጆሮ ነው። ልክ ስትሆን፣ በባዶው ሙሉ ነዳጅ ቢሰጧት ድምፅዋ ትንሽ ይንተባተባል፤ እንጨት ውስጥ ስትገባ ይጠራል። አገኘኋት። ያን ቀን ባሕር ዛፉን እንደ ጎመን ከተፈችው፤ ሰዉ መካኒኩ ይለኝ ጀመር፣ እኔም ተነፋሁ። እውነቱን ለመናገር ከደምሴ ጋር በአንድ ገበታ መብላት ሁሉ ክብሬን የሚቀንስ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

ማሽኗን የሸጠልን ሰው አዲስ አበባ ላይ ለብቻዬ አንድ ነገር ነግሮኝ ነበር። ደጋ ላይ ያጠበቅሃትን ብሎን ቆላ ስትወርድ ወደ ግራ መልሳት፣ አለዚያ ፒስተኑ ይቃጠላል ብሎኛል። ይህን ከእኔ ሌላ የሰማ አልነበረም።

ኅዳር ላይ፣ ከዘመሮ ወዲያ ወደ መርሐቤቴ በሚወስደው ቆላ ሥራ ተገኘ። አንድ ትልቅ ዋርካ ከሥሩ ተነቅሎ የሰፈሩ ሰዎች የመስኖ ቦይ ላይ ተጋድሟል፣ ሽንኩርታቸው ውሃ አጥቶ እየጠወለገ ነው። ማሽኗን በአህያ ጭነን፣ ጋሽ ሽፈራው በበቅሎ ሆነው፣ ውርጩ ገብሱ ክምር ላይ ሳይረግፍ ተነሣን። ግማሽ መንገድ ላይ በሶ በጥብጠን ጠጣን። ቁልቁለቱን በወረድን ቁጥር መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ሹራብ እያወለቅን አህያዋ ላይ ቆለልን። ታች ስንደርስ ሙቀቱ ፊት ይገርፋል። የማሽላ እሸት ጠብሰው አበሉን፤ እንደዚያ የሚጣፍጥ እሸት ከዚያ በኋላ አልበላሁም።

ግንዱ ወፍራም ስለሆነ ረጅሙን ምላስ አስገባሁ። ይህ ጥፋት አልነበረም፣ ግንዱ የሚጠይቀው እሱን ነው። ብሎኗን ግን አልነካኋትም። ረሳሁ ብል ውሸት ነው፤ ትዝ ብሎኛል። እንዲህ አሳምሬ የቃኘኋትን ምን ቆርጦኝ አበላሻለሁ ብዬ ነው። ደግሞ ሰው ከብቦ እያየኝ ካቻቢቴ ይዤ መጎንበስ አላማረኝም።

የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ስትጥል ሰዉ እልል አለ። ግንዱ ላይ ስገባ ድምፅዋ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ፉጨት ሆነ። ከዚያ ጸጥ። ማስነሻ ገመዱን ብጎትት ንቅንቅ አልል አለኝ። ፒስተኑ ነክሶ ቀርቷል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ቤንዚኑን ስቀንስባት ዘይቱንም ቀንሼባታለሁ፣ በዚያ ላይ ሙቀቱና ረጅሙ ምላስ። ያደረቅኋት እኔ ነኝ።

ጋሽ ሽፈራው ወደ እኔ እንኳ አላዩም። ቀጥ ብለው ወደ ደምሴ ሄዱ።

"ዘይት ሳትጨምር ነው የሰጠኸው።"

"ጨምሬያለሁ ጋሼ። እሱ አይቶኛል።"

ጋሽ ሽፈራው ወደ እኔ ዞሩ። ጠዋት ብልቃጡን ወደ ብርሃን ሲያነሣ አጠገቡ ቆሜ እንደ ልማዴ ስቄበታለሁ።

"አላየሁም" አልኩ።

ደምሴ ሹራቡን ከአህያዋ ላይ አነሣ፣ ያን ሁሉ ዳገት ብቻውን ወጣው። የሰፈሩ ሰዎች ዋርካውን በመጥረቢያ ብዙ ቀን ታግለው አነሡት፤ ሽንኩርቱ ግን ግማሹ ደርቆ ነበር አሉ። ማሽኗ አዲስ አበባ ተወስዳ ስትፈታ፣ ሠሪው ደርቃ ነው የተቃጠለችው አለ። ጋሽ ሽፈራው ይህን ሲሰሙ ደምሴ ላይ የነበራቸው ጥርጣሬ ሁሉ ተረጋገጠላቸው። ፒስተኑ ተቀይሮ ማሽኗ ወደ እኔ ተመለሰች። ደምሴ ሞተር አቃጣዩ ተብሎ ቀረ። ወፍጮ ቤት ሊቀጠር ሄዶ ሞተር አቃጣዩን እዚህ አናስጠጋም አሉት። ራቤል ድረስ ሄዶ የሰው ከብት ጠበቀ፤ እናቱ ሲሞቱ እዚያ ነበር።

ጋሽ ሽፈራውም ካረፉ ቆዩ። አምና ለአንድ ዘመዴ ተዝካር ሞላሌ ሄጄ ከደምሴ ጋር አንድ ዳስ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀመጡን። ሁለታችንም ሸብተናል። ጠላ ሲቀዳልን ጎንበስ ብዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ ብሎኗን ሳልመልስ ቀርቼ ነው፣ ዘይቱን ስትጨምርም አይቻለሁ አልኩት። ይህን ለማለት ሃያ ዓመት ከምናምን ፈጅቶብኛል፤ እንባዬም መጥቶ ነበር። እሱ ግን ጠላውን መሬት አኖረና በእርጋታ መለሰልኝ።

"ዘይቱን መጨመሬን እኔማ አውቃለሁ። ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለእነዚህ ንገራቸው።"

ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ቄሱ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ የጋሽ ሽፈራው ልጆች። ተነሣሁ። ሁሉም ቀና ብለው አዩኝ። መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ከዚያ ወዲህ ሱቄ የሚመጣውን ሁሉ፣ ሲወጡ ብሎኗን ወደ ቀኝ፣ ሲወርዱ ወደ ግራ እያልኩ አሰለቻለሁ። ሰው ደግ አስተማሪ ያደርገኛል። አይደለሁም፤ ለማይመለከተው ሰው መናገር ስለሚቀለኝ ነው። ይህንንም መጻፌ ዳሱ ውስጥ ቆሞ ከመናገር እንደሚያንስ አውቃለሁ። ቢሆንም ሞላሌና ዘመሮ ያላችሁ፣ ይህን ያነበባችሁ፣ ለደምሴ ሳይሆን ለጎረቤቶቹ አንብቡላቸው። ማሽኗን ያቃጠልኳት እኔ ነኝ። ደምሴ ዘይቱን ጨምሯል፤ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።