ባዶውን ሳጥን የማየት ተራ

የእኛ አርሊስ ሃውገን ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። በዚህ በሚኒሶታ ገጠር በምርጫ ቀን እሷን የቀደመ ሰው የለም፤ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አንደኛ ናት። አንደኛ የደረሰ መራጭ ሳጥኑ ከመታሸጉ በፊት ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ባዶ መሆኑን መስክሮ ይፈርማል። ይቺን ፊርማ ንኩብኝና እንተያይ ባይ ናት። ጎረቤቷ ኤልመር ትቬት ደግሞ፣ ምስኪን፣ አርባ አንድ ዓመት ሁለተኛ ነው።

"ዘንድሮስ እንቅልፍ ይጥልሻል ብዬ ነበር" ይላታል ሁሌ።

"ምኞት አይከለከልም" ትለዋለች።

ታዲያ ከሕዝብ ቆጠራው በኋላ የምርጫ ጣቢያዎቹ ወሰን እንደ አዲስ ተሰመረ። መስመሩ ወንዙን ተከትሎ ሲወርድ የአርሊስን ቤት ወዲያ ማዶ ጣለው። ከእንግዲህ የምትመርጠው ከተማ ሄዳ፣ ማንም በማያውቃት ትምህርት ቤት ነው። ደብዳቤው ሲደርሳት ቅስሟ ተሰበረ። ከቤቷ ሳትነሳ አገር ያስቀየሯት መሰላት።

ሕዝቡ ስለ ወሰኑ አስተያየት በሚሰጥበት ስብሰባ ተነስታ ቤቷ ወደ ድሮው ጣቢያ እንዲመለስላት ጠየቀች። ካርታውን የሠራው ወጣት በትሕትና "እማማ፣ ወሰን በዓይን የሚታይ ነገር መከተል አለበት። ወንዙ ደግሞ ከቤትዎ በስተሰሜን ነው" አላት።

ይኼኔ ኤልመር ከኋላ ብድግ አለ። አለቀልኝ አለች አርሊስ በልቧ፤ እሷ ከሄደች አንደኛው እሱ ነዋ።

"የቱ ወንዝ ነው የኔ ልጅ?" አለ ኤልመር። "ወንዙ እኮ በጎርፉ ዓመት መንገዱን ቀይሮ አሁን የሚሄደው ከቤቷ በስተደቡብ ነው። ካርታህ ላይ ያለው ደረቅ ቦይ ነው፤ እኔ ድንች ተክዬበታለሁ።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በማግስቱ ወጣቱ ቦቲ ጫማውን አድርጎ ድንቹ መሀል ቆመ፤ መስመሩም ተቃና። አርሊስም ከቤቷ ሳትነሳ ወደ ድሮው ጣቢያዋ ተመለሰች ማለት ነው።

"እጅህ የገባውን አንደኝነት ለቀቅከው፤ ምን ነክቶህ ነው?" አለችው።

"አንቺ ከሄድሽ ከማን ኋላ ልቆም ነው?"

በምርጫው ጠዋት አርሊስ እንደ ልማዷ ቀድማ ደረሰች። ኤልመር ሲመጣ ግን ክንዱን ይዛ ከፊቷ አቆመችው። ኮፍያውን አውልቆ ሳጥኑን ረጅም ጊዜ አየ።

"ምን አለ?" አለችው።

"ምንም። ለዚህ ነው አርባ አንድ ዓመት ስቀናብሽ የኖርኩት?"

"ፈርም እንግዲህ፣ ሰው ቆሟል" አለችው፤ ደስታዋን ግን መደበቅ አልቻለችም። ኤልመርም ሙሉ ስሙን፣ የመሀሉንም ሳያስቀር፣ ቀስ ብሎ ጻፈ።