አማቴ ያሰናዱልኝ ቦርሳ

ባለቤቴ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ከመካነ ሰላም እየተነሳ ገጠር ለገጠር ከብት ይከትባል። አንድ ክረምት ወደ ወግዲ ወገን ወርዶ ሲመለስ ደጋው ሜዳ ላይ በረዶ ወረደበት፤ በረዶው ሲያባራ ደግሞ ጉም መንገዱን ዋጠው። በማግስቱ ገበያተኞች ቋጥኝ ተጠግቶ ኩርምት እንዳለ አገኙት። አካሉ ላይ ጭረት እንኳ አልነበረም። ብርድ ነው የገደለው። ሊጭራቸው የሞከራቸው የራሱ የክብሪት እንጨቶች እግሩ ስር ተበትነው ነበር።

እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ። ኢዳዬን፣ ባል የሞተባት ሴት ከቤት የማትወጣበትን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ ጨርሼ ስወጣ ወደ ሥራ መመለስ ነበረብኝ፤ የምሠራበት ቀበሌ ደግሞ ከዚያው ሜዳ ማዶ ነው። ልሄድ ስሰናዳ አማቴ መጡ፤ የባሌ አባት። በጉልበታቸው ዘመን እህል በበቅሎ ጭነው ወደ ከላላ ገበያ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰላምታው እንዳለቀ፣ «ቦርሳሽን አምጪ» አሉኝ።

መሬት ላይ ተቀምጠው የያዙትን ፌስታል ዘረገፉት። ክብሪቱን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በክር አስረው፣ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የመድኃኒት ብልቃጥ ከተቱት። ሻማ ጨመሩበት። «እርጥብ ጭራሮ በክብሪት ብቻ አይያዝም፤ ሻማው ነው የሚያቀጣጥልልሽ።» ሰው የሚሸፍን ወፍራም ላስቲክ አጣጥፈው አስገቡ። በሶ፣ ፊሽካ፣ የእጅ ባትሪ። ከዚያ የባሌን ሹራብ ጠየቁኝና እሱንም በላስቲክ ቋጠሩት።

«ልብስሽ ከራሰ ቶሎ አውልቂው። ሰው የሚሞተው እርጥብ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ጉም ከመጣ ደግሞ አትራመጂ። መንገዱ ያለ ይመስልሻል፤ የለም፤ ገደል ነው። ተቀመጪና ፊሽካ ንፊ።»

አላስችል አለኝ። «አባባ፣ ይህን ለልጅዎ አልነገሩትም ነበር?»

እጃቸው ቋጠሮው ላይ ቀረ። «ነገርኩት እንጂ። ‹አባባ፣ ዘንድሮ እኮ ሞባይል አለ› አለኝ።»

ሜዳው ላይ ኔትወርክ የለም። ሁለታችንም እናውቃለን። ቋጠሮውን አጥብቀው ቦርሳውን አቀበሉኝ።

በተከታዩ ክረምት እኔንም በረዶው ያዘኝ። ከአንዲት ነፍሰ ጡር ቤት ስመለስ ሰማዩ ድንገት ጠቆረና በረዶው ወረደብኝ፤ ተከትሎት ጉም መጣና እጄን እንኳ ማየት አቃተኝ። እንዳሉኝ ተቀመጥኩ። የራሰውን አወለቅኩ፤ ሹራቡን ለበስኩ፤ ላስቲኩን ከላዬ ደፍቼ ጫፉን ረግጬ ያዝኩት። በሶዬን እየቃምኩ ፊሽካ እነፋለሁ። ብዙም ሳይቆይ ሙቀት ተሰማኝ። ፈርቼ ሳለሁ አላለቀስኩም። ሙቀቱ ሲሰማኝ ግን፣ ይሄ ብቻ ነበር? ለካ ሰውን የሚያተርፈው ይህችው ናት? እያልኩ ተንሰቀሰቅኩ። ጉሙ ሲሳሳ ፊሽካዬን የሰማ ገበሬ መጥቶ እስከ ሰፈሩ አደረሰኝ።

በሳምንቱ አማቴ ጋ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኛል።

«በረዶ አገኘሽ አሉ።»

«አዎ አባባ።»

«እንዳልኩሽ አደረግሽ?»

«እንዳሉኝ አደረግኩ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። ልጃቸው የተቀበረ ዕለት እኔን «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ሲሉ ውለው እሳቸው እንባ አልወጣቸውም ነበር። አሁን ትከሻቸው እየተናጠ አለቀሱ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።