ቀበቶ የለቀቅኩበት ቀን

ቂም ሰነፍ ሰው ዘንድ አይበረክትም ይባላል። ውሸት ነው። እኔ በሕይወቴ ጀምሬ ሳላቋርጥ የያዝኩት ነገር ቢኖር አንድ ቂም ነው። ጾም እንኳ እንዲያ ይዤ አላውቅም።

ያገለገልኩበት እግረኛ ሻለቃ አሮጌ ነው። በጃንሆይ ጊዜ ተቋቁሞ፣ ደርግ ሲመጣ አንበሳውን ከባንዲራው ላይ አውርዶ፣ «ለንጉሡ!» የሚለውን ጩኸት «ለአብዮቱ!» ብሎ ለውጦ ቀጠለ። አንዱን ልማዱን ግን ማንም ካድሬ አልነካውም። በሻለቃው ቀን በሬ ይታረዳል፣ ጠጅ ይቀዳል፣ ጀብዱ የሠራ ይፎክራል። ብቻውን የሚፎክር ግን የለም። በውጊያው ዕለት አጠገቡ የነበረ ሰው ከኋላው ቆሞ ቀበቶውን ይይዝለታል። ምስክሩ እስከያዘ ድረስ የተባለው ሁሉ እውነት ነው። ከለቀቀ ፉከራው ወደቀ፤ ፎካሪው የቅቅሉን ጎላ ተሸክሞ ለጓዶቹ ያዞራል። ጎላ መሸከም ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ተሸክሜዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ምሥራቅ በረሃ ውስጥ ከአንድ ደረቅ ወንዝ ስናፈገፍግ መትረየሳችን ወደ ኋላ ቀረ። ተመልሼ ሄድኩ። ጀግና ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ ኮዳዬን እዚያ ረስቼ ነው። ኮዳውን ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ባዶ እጄን ከምመለስ ብዬ መትረየሱን አነሳሁ፤ ሁለት ብረት አልችል ስል የራሴን ጠመንጃ ትቼ መጣሁ። አስር አለቃዬ ከቋጥኝ ጀርባ ተጋድሞ ይጠብቀኝ ነበር። ሰፈሩ ጋ ልንደርስ መቶ እርምጃ ያህል ሲቀር ጥም ጣለኝ። እሱ መትረየሱን ከላዬ አንስቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ገባ። አዛዡ ያየው እሱን ነው። እሱ ማዕረግ ተጨመረለት፤ እኔ «ጠመንጃውን ጥሎ የመጣ» ተብዬ ወጥ ቤት ተመደብኩ።

ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ሲፎክር ቀበቶውን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሌላ ያየ የለማ! ለምን ያዝክለት ትሉኝ ይሆናል። አለቃዬ ነበር። ደግሞ ሥጋው ጥሩ ነበር።

ከጦሩ ከወጣሁ በኋላ እህል በረንዳ ጆንያ ሰፊ ሆንኩ። እሱ ደግሞ፣ እንደ ዕድሌ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሆኖ ሽጉጥ ታጠቀ። አንድ ቀን የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ስኳር ልወስድ ተሰልፌ፣ ተራዬ ደረሰ ስል ሰልፉን እየጎበኘ መጣ።

«ጀግኖች ይቅደሙ!» አለ። «አንተ ጓድ ወጥ ቤት፣ ወደ ኋላ። ስኳር ለምንህ ነው? አንተ የለመድከው ጨው መነስነስ!»

ሰልፈኛው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ያንገበገበኝ የነሱ ሳቅ አይደለም፣ የኔው ነው። የዚያን ዕለት ማልኩ፤ በሚመጣው የሻለቃው ቀን ቀበቶውን እለቃለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ተለማመድኩ። የጆንያውን አፍ ጨብጬ ይዤ፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ እፈታለሁ። አንዴ ምስሩ መሬት ላይ ተዘረገፈ። ባለእህሉ ደነገጠ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ምን ነካዎት?»

«ልምምድ ላይ ነኝ» አልኩት።

ቀኑ ደረሰ። ከጦሩ የወጣን የሻለቃው ሰዎች እንደየዓመቱ ጭድ ተራ፣ ከአንድ ጠጅ ቤት ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ ተሰበሰብን። ሥርዓቱን የሚመሩት ዓይናቸው የደከመ አንድ ጡረተኛ ሻምበል ባሻ ናቸው። ሊቀመንበሩ ሽጉጡን እንደታጠቀ ተነሳ፤ እኔም ከኋላው ቆሜ ቀበቶውን ጨበጥኩ።

«ዘራፍ! ዘራፍ የመትረየስ ጌታ፣
ወገን ሲያፈገፍግ ብቻውን የሚረታ!»

ለቀቅኩት። የተለማመድኩትን ጣት በጣት መፍታት ረስቼ፣ ትኩስ ምጣድ እንደነካ ሰው በአንድ ጊዜ ለቀቅኩት።

ሊቀመንበሩ ዞሮ አየኝ፤ እጁ ወደ ወገቡ ሄደ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ፤ ቦታ ልልቀቅለት ነው ብዬ ራሴን ዋሸሁት።

ሻምበል ባሻ በቀዝቃዛ ድምፅ፣ «ሽጉጡ የቀበሌው ነው» አሉ። «እዚህ ያለው ቀበቶ ብቻ ነው። ቁጭ በል!»

ቁጭ አለ። ላቡ በግንባሩ ወረደ። ያን ላብ በኮዳ ባጠራቅመው ኖሮ እስከ ዛሬ በጠጣሁት! ግን ሻምበል ባሻ አልጨረሱም።

«የለቀቀ እውነቱን ይፎክር። ደንብ ነው። ማን ይይዝልሃል?»

ይሄን አላሰብኩበትም። ያን ሁሉ ዓመት መልቀቅን ሳልም ከለቀቅኩ በኋላ ያለውን አላለምኩም። ያን ቀን ከኔ ጋር የነበረ፣ በሕይወት ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«እሱ» አልኩ፣ በአገጬ እያመለከትኩ።

«ተነስና ያዝለት» አሉት። «የማይመሰክር ሰው ሻለቃ የለውም።»

እያጉረመረመ መጣ። እጁ ወገቤ ላይ ሲያርፍ ቀዘቀዘኝ። አንድ ቃል ሳልናገር ይለቀኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ዘራፍ! ጥይት ሲዘንብ በደረቁ ወንዝ አላፊ፣
ጠመንጃውን ከፍሎ መትረየስ አትራፊ!»

አልለቀቀም። ጭራሽ አጥብቆ ያዘ። በዚያ ሁሉ የሻለቃው ሰው ፊት፣ አፉን ሳይከፍት፣ ሌብነቱን በጣቶቹ አመነ። «አንተ ነህ ለካ!» አለ አንዱ ከወዲያ። እልልታም ተሰማ። በቀሌ ሞላ፤ ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ያን ቀን የኔ ነበር።

አልተቀመጥኩም። እልልታው ናላዬ ላይ ወጣ።

«በግራው መትረየስ፣ በቀኙ መቶ አለቃ —»

ተሸክሜ አመጣሁት ልል የነበረው መቶ አለቃችን ያን ዕለት ወባ ይዞት ሰፈር ተኝቶ ነበር። ቤት መምቻውን ሳላገኝለት ወገቤ ቀለለኝ። ዞር ብዬ አየሁት፤ ሁለት እጆቹን ለሰው ሁሉ እንዲታዩ ወደ ላይ ዘርግቷል። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሻምበል ባሻ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ጎላው ሁለት ጆሮ አለው» አሉ። «ተነሱ!»

ሊቀመንበሩና እኔ የሚንተከተከውን ጎላ ግራና ቀኝ ይዘን በጓዶቻችን መሀል ዞርን። እሱ ማንሳቱን አያውቅበትም፤ እኔ ግን ዓመት የተማርኩበት ሙያ ነው። በእሳቱ በኩል የዋለው ጆሮ እንደሚያቃጥል አውቃለሁ፤ እሱ በዚያ በኩል እንዲቆም ያደረግኩት ቀድሜ ነው።

«አቃጠለኝ እኮ!» አለኝ በሹክሹክታ።

«አትልቀቅ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት። «ሰው ያያል።»