የደባሱ ሰማያዊ በርሜል

ደባሱ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከጅቡቲ ወደብ ይጭናል፤ የአፋርን በረሃ ያቋርጥና የባቲን ዳገት መኪናው እያቃሰተ ወጥቶ ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካዎቹ ደጃፍ ያራግፋል። ሌላው ስንዴና ብረት ሲያመላልስ እሱ የሚጭነው ማንም የማይወደውን ነው፤ ቆዳ የሚያለፋ፣ ክር የሚያነጣ፣ ጠብታው ጫማ የሚበሳ ኬሚካል። በርሜሎቹ ላይ የሰው ራስ ቅል ተስሏል። በዚህ ሥራ ሲኖር ጭነት አፍስሶ አያውቅም፤ አሠሪዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ክፉ ክፉውን ጭነት ለእሱ ይተዉታል።

ላስታ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ነው። እናቱ እማማ ፀሐይቱ የሚኖሩት ከብልባላ ገበያ በላይ ባለች መንደር ነው። ደባሱ ለበዓል ብቅ ሲል አገሬው «ሾፌሩ መጣ!» ብሎ ይነሣለታል፤ እሱም ይወዳል። አይ መውደድ! መኪናው ኮምቦልቻ ቆሞ፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ነው መንደሩን የሚዞረው። ባዶ እጁን መጥቶ አያውቅም፤ ባዶ እጁን ከሚመጣ ቢቀር ይመርጣል። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እማማ ፀሐይቱ የሰንበቴ ተራ ደረሳቸው። ሰንበቴ በዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ ሰንበቴ ቤት ተቀምጦ የተረኛዋን ዳቦና ጠላ ይቀምሳል፤ ነዳያንም ከዚያው ይቋደሳሉ። ተራዋን በቅጡ ያልተወጣች ሴት ዓመቱን ሙሉ ስሟ ሲነሣ ይከርማል። እማማ ፀሐይቱ ደግሞ በጠላ የተመሰገኑ ናቸው። ታዲያ ተራቸው ሲቃረብ ጋናቸው ተሰነጠቀና ሌላ ዕቃ እንዲያመጣላቸው ወደ ልጃቸው ሰው ላኩ።

ደባሱ መልእክቱ ሲደርሰው ዓይኑ ያረፈው ፋብሪካው ግቢ ጥግ በተደረደሩት ባዶ በርሜሎች ላይ ነበር። ሰማያዊ ናቸው፤ ክዳናቸው ጥብቅ ብሎ ይገጥማል፤ ሲያዩዋቸው ያስጎመጃሉ። ደንቡ ተበስተው እንዲወገዱ ነው። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ሰሎሞን አነስተኛውን ሲያነሣ አየውና «ምን ልታደርገው ነው?» አለው።

«መኪና ማጠቢያ ውኃ ልይዝበት።»

«ተጠንቀቅ፤ እንኳን ሰው ከብት እንዳይጠጣበት።»

«እሺ አቦ፣ እሺ» አለና ጫነው።

እናቱ በርሜሉን ሲያዩ እልል አሉ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ መታ መታ እያደረገ ያደንቃል። «ምን ነበረበት ልጄ?» አሉት።

«የምግብ ዘይት» አለ ደባሱ።

ምን ይበል? ያ ሁሉ ሰው ከቦት እያመሰገነው፣ መርዝ ነበረበት ብሎ ሸክሙን ይዞ ይመለስ? ደግሞ አጥቦታል፤ በአሸዋ፣ በኦሞ፣ በፈላ ውኃ። እናቱም በተራቸው በግራዋ ፈተጉት፤ ደፍተው በወይራ አጠኑት። በእኛ አገር በግራዋ ታጥቦ በወይራ የታጠነ ዕቃ ንጹሕ ነው፤ ከዚያ በላይ ንጽሕና የለም። ያ ኬሚካል ለወይራ ጭስ እንደማይበገር ከደባሱ በላይ የሚያውቅ በዚያ መንደር አልነበረም። ግን ማመን ፈለገና አመነ።

እሑድ ጠላው እንደተጠመቀበት በሁለት ጎረምሶች ትከሻ ሰንበቴ ቤት ደረሰ። ደባሱ ነጭ ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጧል። ቄስ ገብረ መስቀል ጸሎቱን ጨርሰው ጽዋቸውን ሲያነሡ በርሜሉ ተከፈተ። «ጌሾው ጠንከር ብሏል» አለ አንዱ ገና ከሽታው። ደባሱ ግን ከጌሾው ሥር ሌላ ሽታ ሸተተው፤ የመኪናው ሽታ፣ የጭነቱ ሽታ።

«አትጠጡ» ማለት ነበረበት፤ አላለም። በምትኩ «እኔ ላስተናግድ» ብሎ ብድግ አለና የተደናቀፈ መስሎ በርሜሉን በትከሻው ገፋው። ጠላው ወለሉን አጥለቀለቀው።

ቤቱ ተንጫጫ፤ ወዲያው ግን ለእሱ ያዝኑለት ጀመር። «አይዞህ፣ የሚፈስ ነገር ነው!» አሉት። እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ። ተራቸው በውኃና በዳቦ ሊታለፍ ነው። ደባሱ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ በሆዱ ግን «ተገላገልኩ» ይላል። እንዲያውም ብልኅነቱ ገርሞታል፤ ኋላ ሲያስበው ከሁሉ የሚያቃጥለው ይህ ነው።

«እንዲያ ያለ ጠላ!» አሉ እማማ ፀሐይቱ። «ጧት ስቀምሰው እኮ ከዚህ በፊት እንዲህ ጥሞልኝ አያውቅም።»

ጠማቂ ሳትቀምስ ለሰው እንደማታቀርብ ደባሱ እንዴት ረሳው? «ምን ያህል ጠጣሽ እማ?» አለ።

«ሙሉ ጣሳ ነዋ። ምነው?» አሉና ሆዳቸውን ይዘው ተነሡ፤ ከደጅ ሳይርቁ ያስመልሳቸው ጀመር።

ሴቶቹ ደገፏቸው። «ምች ነው» አለች አንዷ። «ይምርሐነ ክርስቶስ ጠበል እናድርሳቸው» አሉ ሌሎቹ፤ ሁሉም ተስማማ። ጠበሉ በአንድ አቅጣጫ ነው፣ ጤና ጣቢያው በሌላ።

«ጤና ጣቢያ ነው የሚሄዱት!» አለ ደባሱ።

«ምነው ልጄ፣ ከጠበል አስቀድመህ?» አሉ ቄስ ገብረ መስቀል።

ከዚህ ወዲያ መደናቀፍ የለም። «በርሜሉ መርዝ ነበረበት አባቴ።»

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ጠላውንም ያፈሰስኸው...»

«አዎ አባቴ።»

የሰደበው የለም። ቢሰድቡት፣ በዱላ ቢሉት በወደደ! ቃሬዛ አመጡና እናቱን አንሥተው ቁልቁል ወደ ብልባላ ነጎዱ። በመንገድ ተሸካሚ ይለዋወጣል፤ አንዱ ሲደክመው ሌላው ትከሻውን ያስገባል። ደባሱ ሊያስገባ ሲጠጋ የጎረቤታቸው ልጅ ምስጋኑ በክንዱ መለሰው። ሌላ ጎን ሞከረ፤ እዚያም ቦታ የለቀቀለት አላገኘም። ከኋላ ከኋላ ተከተለ።

እማማ ፀሐይቱ ደጅ ስለነበሩ የሆነውን አልሰሙም። «ደባሱስ? ምነው አልያዘኝ?» አሉ በደከመ ድምፅ።

«ደክሞት ነው እማማ» አለ ምስጋኑ።

እናቱ እጃቸውን ዘርግተው ፈለጉት። «ና ልጄ። ጠላው ስለፈሰሰ እንዳታዝን፤ ለእኔ ብለህ አይደል የለፋኸው?»

ደባሱ ቀርቦ እጃቸውን ያዘ። ዝም ቢል ማንም አይነግራቸው ይሆናል፤ ተሸካሚዎቹ እንኳ ለእሳቸው ብለው ዋሽተውለታል። «እማ፣ ዘይት አልነበረበትም» አለ። «መርዝ ነበር። እያወቅሁ ነው የሰጠሁሽ።»

እማማ ፀሐይቱ ቀና ብለው አላዩትም። «ሌላ ሰው ጠጥቷል?» አሉ።

«ማንም አልጠጣም።»

«ተመስገን» አሉና እጃቸውን ከእጁ አውጥተው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ጤና ጣቢያው እስኪደርሱ አልገለጡትም።

ላሊበላ ሆስፒታል ከርመው ድነዋል። ደባሱ አሁንም ይሾፍራል፤ ለበዓልም ይመጣል። እናቱ ያበሉታል፤ ያጠጡታል፤ ሲሄድም መርቀው ይሸኙታል። ያመጣላቸውን ስኳርና ጨው ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይቀበሉና ወደ ቤት ሳያስገቡ ከውጭ፣ ከግድግዳው ሥር ያስቀምጡታል። በሚቀጥለው በዓል ሲመጣ እዚያው ነው።