ተፈላጊዋና አማቷ

ሰው ሥራዋን ሲጠይቃት «እደበቃለሁ፤ እነሱ ይፈልጉኛል» ትላለች። ጠያቂው ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ነገሩ ግን እውነት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የስፖርት አስተማሪ ነበረች። ጡረታ ወጥታ ቤት መዋል አላስችል ሲላት፣ ከተማው ዳር ባለው አሮጌ የጡብ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ወጣቶች እግረ ፈጣን ሰው እንደሚፈልጉ ሰማችና ሄደች። ወጣቶቹ መዳፍ የሚያህሉ በራሪ ሮቦቶች አሏቸው። ሮቦቶቹ እንደ ንብ መንጋ ባንድነት ተነስተው፣ የሚንቀሳቀስ ሰው ፈልገው እንዲያገኙና ካገኙትም እንዳይለቁት ነው የሚያሠለጥኗቸው። የምትሸሸው እሷ ናት።

መጀመሪያ ላይ መጫወቻ አደረገቻቸው። አንዱ ሮቦት ሲያያት ሌሎቹ ሁሉ ግር ብለው ይከተሉታል፤ እሷ ደግሞ በጭስ ማውጫው ጀርባ ዞራ በወዲያኛው በር ሹልክ ትላለች። ልጆቹም «አይጨበጤ» የሚል ስም አወጡላት።

አንድ ሰኞ ግን ነገር ተቀየረ። የቡድኑ መሪ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ ወጣት መሐንዲስ፣ መንጋው ሥራ እንዲከፋፈል አድርጋው ነበር። ያየው ይከተላል፤ የቀሩት ቀድመው መውጫ መውጫውን ይይዛሉ። አይጨበጤ በወዲያኛው በር ብቅ ስትል ሦስት ሮቦቶች አፍንጫዋ ሥር ተንሳፈው ጠበቋት።

«እትዬ፣ ተያዙ!» ብላ ጮኸች መሐንዲሷ።

«ደግ አደረጋችሁ! እኔም እኮ ማሸነፍ ሰልችቶኝ ነበር» አለች። ውሸቷን ነው፤ ትንሽ ከንክኗታል። ማታ ለባሏ ስትነግረው፣ ልብስ ሰፊው ባሏ የያዘውን ስፒል ከከንፈሩ አውጥቶ «እኔ ስንት ዓመት ሞክሬ ያልያዝኩሽን?» ብሎ ሳቀባት።

ሳምንት ሳይሞላ አማቷ ጠፉ። የባሏ አባት አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ድሮ ባቡር ላይ ትኬት ቆራጭ ነበሩ፤ አሁን ሐሳባቸው ይበተናል፤ አልፎ አልፎም «ሥራ ረፈደብኝ» ብለው ይነሳሉ። ያን ቀን ጠዋት ልጃቸው ደንበኛ ሲለካ በሩን ከፍተው ወጡ።

ባልና ሚስት ሰፈሩን አካለሉት። ባለሱቁ «አሁን እኮ በዚህ አለፉ» ይላል፤ እዚያ ሲደርሱ የሉም። ዳቦ ሻጯ «ወደ ወንዙ ወረዱ» ትላለች፤ ወንዙም ጋ የሉም። አንድ ቦታ ቢቀመጡ ኖሮ ይገኙ ነበር፤ ሽማግሌው ግን አይቆሙም። የባሏ ፊት አመድ ሲመስል፣ አይጨበጤ ስልኳን አውጥታ መሐንዲሷ ጋ ደወለች።

«ልጄ፣ ዛሬ እኔን ተዉኝና አባባን ፈልጉልኝ።»

«ምን ለብሰዋል?»

«ቡናማ ካፖርት። ባርኔጣም አድርገዋል።»

መሐንዲሷ ሣጥኖቹን በመኪና ጭና ከተፍ አለች። መንጋው ከወንዙ ዳር ተነስቶ ዛፎቹ ላይ ተበተነ። ሦስቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። አንዱ ሮቦት ቡናማ ነገር አየ፤ የተሰጣ ብርድ ልብስ ሆነ። ባሏ ጭንቅላቱን ያዘ። ወዲያው ሌላው በአሮጌው ሐዲድ ላይ የሚራመድ ባርኔጣ አገኘ። ሁለት ሮቦቶች ሽማግሌውን ከላይ ሲከተሉ፣ የቀሩት ሐዲዱ ከዋናው መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ቀድመው ደረሱ። አይጨበጤ አይታ እንኳ አልጨረሰችም፤ የጫማዋን ክር አጥብቃ ሮጠች።

ስትደርስ ሽማግሌው ሐዲዱን ይዘው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ደስ ብሏቸዋል።

«አባባ! ወዴት ነው?»

«መጣሽ? እነዚህ ደግሞ» አሉ በጣታቸው ወደ ላይ እያሳዩ፣ «ከመቼው ተሳፈሩ? አንዳቸውም ትኬት አልቆረጡም።»

ሳቅና ዕንባ አንድ ላይ መጣባት። ክንዳቸውን ያዘች። «እኔ እቆርጥላቸዋለሁ። እርስዎ አሁን ወደ ቤት።»

«ፈረቃዬ አለቀ?»

«አለቀ፣ አባባ።»

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ቤት ተዘግቶባቸው አይውሉም። ማክሰኞና ሐሙስ ከምራታቸው ጋር ፋብሪካው ይሄዳሉ። ግቢው የታጠረ ስለሆነ እንደ ልባቸው ይዞራሉ፤ መንጋውም ይከተላቸዋል። መሐንዲሷ እንደምትለው፣ ከእሳቸው የሚከብድ ተፈላጊ ገጥሟት አያውቅም፤ ወዴት እንደሚሄዱ እሳቸውም አያውቁትማ። አይጨበጤ ይህን ስትሰማ ትንሽ ትቀናለች።

እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ ግንቡ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ምሳ ዕቃቸውን ይከፍታሉ። ሽማግሌው ትልቁን ድንች ለራሳቸው ያነሳሉ፤ እሷም እንዳላየች ትሆናለች።